ከመድረክ በፊት የተመለሰችው ሞዴል፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በፋሽን ሞዴሎች ላይ ስለሚደርሰው ጫና ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ግን ስለ ሙያው በጥቅሉ የሚናገር በመሆኑ ማን ለማን ምን ብሎ እንዳዘዘ፣ ትእዛዙ በማን በኩል እንዳለፈ፣ የታዘዘችው ልጅስ በዚያች ሰዓት ምን ምርጫ እንደነበራት ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። እዚህ የቀረበው ጉዳይ በዚህ ረገድ ይለያል። በ2017 አንዲት የ20 ዓመት ዴንማርካዊት ሞዴል አንድ ታላቅ የፓሪስ ፋሽን ቤት በጃፓን ካዘጋጀው ትርዒት ተሰናብታ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፋ በማኅበራዊ ገጿ አወጣችው፤ የተወቀሰው ወገንም መልስ ሰጠ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ትልልቆቹ የፋሽን ኩባንያዎች የሞዴሎችን አያያዝ የሚመለከት ደንብ ፈረሙ። የአንድን ጉዳይ መነሻና መድረሻ እንዲህ ተከታትሎ ማየት የሚቻልበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ሞዴሏን፣ ለትርዒቱ ሞዴሎችን የመረጠችውን ካስቲንግ ዳይሬክተር፣ ኤጀንሲዎቹንም ሆነ ፋሽን ቤቱን በስም አልጠራም። ጉዳዩ በአደባባይ የታወቀ ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቃል የሰጡበት ነውና በመካከላቸው የመፍረድ ሐሳብ የለኝም፤ ላሳይ የምፈልገው አሠራሩ እንዲህ ላለው ነገር እንዴት በር እንደከፈተ ነው። በእኛም አገር ቁመቷና መልኳ ታይቶ «አንቺማ ሞዴል መሆን አለብሽ» የምትባል ልጅ ጥቂት አይደለችምና፣ ወላጅም ሆነ ልጅ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ። ስለ ውጭ አገር ድርጊቶች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጉዳዩ በፊት የነበረው ሁኔታ

በመጀመሪያ መረዳት ያለብን የናሙና ልብስን ነገር ነው። ፋሽን ቤቶች አዲሶቹን ልብሶቻቸውን ለገዢና ለጋዜጠኛ የሚያሳዩት ተባዝተው ገበያ ከመውጣታቸው ከወራት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ ልብስ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናሙና ብቻ ሲሆን፣ እሱም በአንድ የተወሰነና በጣም ጠባብ በሆነ ልክ ይሰፋል። ስለዚህ ልብስ ለሰው መሰፋቱ ይቀርና ሰው ለልብስ ይመረጣል። ዳሌዋ በአንድ ሴንቲሜትር የሰፋ ልጅ ስትመጣ ልብሱን ከማስተካከል ይልቅ ሌላ ልጅ መጥራት ይቀላል፤ ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸውና።

ሁለተኛው ነገር በሞዴሏና በፋሽን ቤቱ መካከል ያለው የሰዎች ሰንሰለት ነው። ልጅቱን መጀመሪያ ያገኛትና ያሠለጠናት የአገሯ ኤጀንሲ አለ፤ ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ ስትሄድ የሚረከባት ሌላ ኤጀንሲ አለ፤ ለትርዒቱ ሞዴሎችን የሚመርጥ ካስቲንግ ዳይሬክተር አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ልብሱን የሠራው ንድፍ አውጪና ቤቱ የሚመጡት። ሞዴሏ ከቤቱ ባለቤቶች ጋር በቀጥታ የምትነጋገርበት ጊዜ እምብዛም ነው። ስለ ሰውነቷ የሚሰጠው አስተያየት ከካስቲንግ ዳይሬክተሩ ወደ ኤጀንሲው፣ ከኤጀንሲው ወደ እሷ በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ይወርዳል። ኤጀንሲው ኮሚሽን የሚያገኘው ልጅቱ ስትሠራ ብቻ በመሆኑ፣ ነገ ሌሎች ሞዴሎቹንም ከሚመርጥለት ሰው ጋር መከራከር አይፈልግም። በዚያ ላይ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የማረፊያ ቤቱንና የፎቶግራፉን ወጪ ብዙ ጊዜ ኤጀንሲው አስቀድሞ ከፍሎ በኋላ ከገቢዋ ስለሚቆርጥ፣ ጀማሪዋ ሞዴል ሥራዋን የምትጀምረው ዕዳ ተሸክማ ነው። «አይ» ለማለት የሚያስፈልገው አቅም ገና ከመነሻው ተሸርሽሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሕጉ ነው። በ2006 አንዲት የ22 ዓመት ኡራጓዊት ሞዴል ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ከትርዒት መድረክ እንደወረደች ሞተች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ በአኖሬክሲያ ትሠቃይ የነበረች የ21 ዓመት ብራዚላዊት ሞዴል አረፈች። አኖሬክሲያ ሰው መወፈርን እጅግ ከመፍራቱ የተነሣ ራሱን ከምግብ የሚያገልበት፣ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ነው። በመካከሉ የማድሪድ የፋሽን ሳምንት የሰውነት ክብደትና ቁመት ምጣኔያቸው ወይም በተለምዶ ቢኤምአይ የሚባለው ልኬት ከ18 በታች የሆኑ ሞዴሎች መድረክ እንዳይወጡ ከለከለ። እስራኤል በ2012 ይህንኑ በሕግ አወጣችው፤ ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ በዚያ አገር የምትሠራ ሞዴል ምጣኔዋ ከ18.5 ያላነሰ መሆኑን የሚመሰክርና ከተሰጠ ሦስት ወር ያላለፈው የሐኪም ወረቀት ማቅረብ አለባት። ቁጥሩን በሰው ላይ ስናየው፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ80 የሆነች ልጅ ወደ 60 ኪሎ ገደማ መመዘን ይኖርባታል ማለት ነው።

ፈረንሳይ የራሷን ሕግ በ2015 መጨረሻ አጸደቀች፤ ተግባራዊ የሆነው ግን ሜይ 2017 ላይ ነው። በሕጉ መሠረት ሞዴሏ ለሥራ ጤነኛ መሆኗን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ሊኖራት ይገባል፤ ይህን ጥሶ የሚያሠራ ሰው እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 75,000 ዩሮ ቅጣት ይጠብቀዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ የነበረው የተቆረጠ የቢኤምአይ ወሰን በመጨረሻው ሕግ አልገባም፤ ሐኪሙ አጠቃላይ ጤንነቷን አይቶ እንዲወስን ተደረገ።

ከሕጉ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 2017 ላይ፣ በሙያው ረጅም ዓመታት የቆየ አንድ አሜሪካዊ ካስቲንግ ዳይሬክተር በኢንስታግራም ገጹ አንድ ክስ አሰማ። ፓሪስ ውስጥ ከ150 በላይ ሞዴሎች ለምርጫ ተጠርተው በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ለሰዓታት እንዲጠብቁ ተደረገ፤ መራጮቹ ለምሳ ሲወጡ የደረጃውን መብራት አጥፍተው ሄዱ፤ ልጆቹ በስልካቸው ብርሃን ተቀመጡ ይላል ክሱ። የሚመለከተው ፋሽን ቤት ለኤጀንሲዎቹ ይቅርታ ጽፎ ከመራጮቹ ጋር ያለውን ሥራ አቋረጠ፤ መራጮቹ በበኩላቸው ክሱን አስተባበሉ። በሙያው የሚሠራ ሰው በሙያው ውስጥ ያለውን በደል በግልጽ ሲናገር ውጤት እንደሚኖረው ሞዴሎች ያዩት በዚህ ጊዜ ነው። የዴንማርኳ ልጅ ጉዳይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቶኪዮ ላይ የሆነው

ትርዒቱ የተዘጋጀው ከኪዮቶ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሚሆ ሙዚየም፣ ሜይ 14 ቀን 2017 ነበር። ሞዴሏ ተመርጣ፣ ከአውሮፓ ወደ ቶኪዮ በርራ፣ ሆቴል ገብታለች። ቀጥሎ ያለው የእሷ ቃል ነው።

ልብስ ከለካች በኋላ ለኤጀንሲዋ መልእክት ደረሰ። ሆዷ ተነፍቷል፣ ፊቷም አብጧል ተባለ፤ ለሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውኃ ብቻ እንድትጠጣም ተነገራት። ስትሰማው ደነገጠች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ረኃብ ቀሰቀሳት። እዚህ ላይ የሰዓቱን ልዩነት ማስታወስ ይገባል፤ ቶኪዮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ኮፐንሃገን ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የልጅቱ ሰውነት የራት ሰዓቱ ደርሶበት ነበር ማለት ነው። ሆዷ ተነፍቶ ከነበረም ከረጅም በረራ በኋላ የሆድ መነፋት በማንም መንገደኛ ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

የሆቴሉ ቁርስ የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እስከዚያ ጠብቃ ወረደችና ጥቂት ቀመሰች። ስትበላ ካስቲንግ ዳይሬክተሯ እንዳታገኛት ፈርታ ነበር። ዳይሬክተሯ የደረሰችው 2 ሰዓት ላይ፣ የልጅቱ ሳህን ከጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ ነው። ለሁሉም ደኅና አደራችሁ ካለች በኋላ ወደ እሷ አየች፤ ዐይኗን ሳህኑ ሊኖር ወደሚገባበት ባዶ ቦታ ዝቅ አደረገች፤ መልሳ ወደ ልጅቱ ፊት ቀና አለች። ልጅቱ ይህን እይታ «በልታ እንደሆነ እያጣራች ነው» ብላ ተረድታዋለች። 3 ሰዓት ላይ የአገሯ ኤጀንሲ ደወለ። ከትርዒቱ ተሰርዛለች፤ ወደ አገሯ መመለስ አለባት።

በጽሑፏ ካነሣቻቸው ነጥቦች ሁለቱን መዝግቦ ማቆየት ተገቢ ነው። በአውሮፓ ልክ 34 እና 36 የምትለብስ ልጅ ነች፤ በዚህ ሙያ ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲሜትር «ትልቅ» ተብሎ መባረር ሲኖር ብዙ ሴንቲሜትር «ትንሽ» ተብሎ የሚባረር ሰው አለመኖሩን ታዘበች። ሁለተኛው ደግሞ የ20 ዓመት ወጣትና በስፖርት ያደገች በመሆኗ እንደተረፈች፣ በራሷ የማትተማመን የ15 ዓመት ጀማሪ ብትሆን ግን ታምማ ጠባሳውን እስከ ጉልምስናዋ ይዛው ትኖር እንደነበር መናገሯ ነው። ሰውነቷ በዚህ ሥራ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ መሆኑን እንደምትረዳና ያንን ከራስዋ ማንነት መለየት እንደምትችልም ጽፋለች። ይህን የመሰለ ልዩነት አውቆ መያዝ የበሰለ ሰው ሥራ ነው፤ ገና በማደግ ላይ ካለች ልጅ ሊጠበቅ አይገባም።

የሌላው ወገን መልስ

ካስቲንግ ዳይሬክተሯ ልጅቱ እንድትራብ አዝዛለች የሚለውን ክስ አልተቀበለችም። ነገሩ አለመግባባት መሆኑን፣ የተናገረችው ውኃ ስለመጠጣት እንጂ ምግብ ስለመከልከል እንዳልሆነ ገልጻለች።

እኔ የማተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ሁለቱም ቃል እውነት ሊሆን የሚችልበት አሠራር ነበር። «ውኃ ትጠጣ» ተብሎ የወጣ ቃል በኤጀንሲ በኩል አልፎ «ውኃ ብቻ ትጠጣ» ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ በመነሻው «ብቻ» ተብሎ የወጣውም በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ሊባል ይችላል። ቃሉን የሚያስተላልፈው ሰው «ይህ ከሐኪም ውጭ ማንም ሊያዝዘው የማይገባ ነገር ነው» ብሎ የማቆም ግዴታ በየትኛውም ውል ላይ አልነበረበትም። ልጅቱ ትእዛዙ እውነት መሆኑን የምታጣራበት፣ እምቢ ብትልም ሥራዋን የማታጣበት መንገድ አልነበራትም። ስለዚህ ማን ትክክል ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቢቀር እንኳ ጉድለቱ የት እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

ከሕዝቡ የሚመጣው ጫና

እስካሁን ያየነው ከአሠሪው የሚመጣውን ጫና ነው። ሞዴሏ ከተመልካቹም የሚመጣ ሌላ ጫና አለባት፤ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። መድረክ ላይ ስትወጣ «አጥንቷ ይቆጠራል፣ ይህማ ለልጆቻችን መጥፎ ምሳሌ ነው» ይባላል። ትንሽ ሥጋ ስትይዝ «ሞዴል ነኝ ትላለች እንዴ?» የሚል ይመጣል። በደል ደረሰብኝ ስትል ደግሞ «ወዳና የገባችበት፣ የሚከፈላትም ለዚሁ አይደል?» የሚል አይጠፋም። የመጨረሻው በጣም የተለመደ መልስ ቢሆንም ሚዛን የሚደፋ አይደለም። የሕንፃ ሠራተኛ ከፍታ ላይ ለመሥራት ተስማማ ማለት ያለ መከላከያ ገመድ እንዲወጣ ፈቀደ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ልብስ ለብሳ ለመታየት የተስማማች ልጅ ምግብ እንድትከለከል ተስማምታለች አይባልም።

በእኛ ቤት ይህ ጫና የራሱ መልክ አለው። የአዲስ አበባ ልጅ ሞዴሊንግ ትምህርት ቤት ገብታ ክብደት ብትቀንስ እናትና አክስት «ምነው ልጄ፣ ከሳሽ እኮ! አሞሻል እንዴ?» ይሏታል። ሥልጠና ላይ ደግሞ «ሆድሽን ቀንሺ» ትባላለች። ጎረቤት በበኩሉ አለባበሷን ያነሣል፤ ዘመድ «ይህ ነገር እስከ መቼ ነው? ዲግሪሽስ?» ይላል። ውጭ ያሉ ዘመዶች በሌላ በኩል ስኬትን በአንድ መለኪያ ብቻ ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ላውደር የውበት ምርቶች የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ከሆነች ወዲህ፣ ረጅምና ቀጭን የሆነች ልጅ ያላት ቤተሰብ ሁሉ ያንን መንገድ በቀላሉ የሚደገም አድርጎ ሲያስብ ይታያል። ሊያ ከበደ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆናለች፤ በ2007 ደግሞ የአገራችንን ሸማኔዎች ሥራ ለዓለም ገበያ ያቀረበውን «ለምለም» መሥርታለች። እዚህ የደረሱት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ያልደረሰችው ልጅ ደግሞ የሚሰማትን ውድቀት ለማን እንደምትናገር አታውቅም፤ ቤተሰቧ ትኬቷን አይቶ «አልፎላታል» ብሎ ደምድሟልና። ከቶኪዮ ሆቴል «ተመለሺ» የተባለችው የእኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ ቦሌ ላይ አበባ ይዞ ለሚጠብቃት ቤተሰብ ምን ብላ ትነግር እንደነበር ማሰብ ያስጨንቃል። ዝም የምትልበት ምክንያት ከዴንማርኳ ልጅ ይልቅ ይበዛባት ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎችና ውጤታቸው

የመጀመሪያው እርምጃ የልጅቱ የራሷ ነው። ወደ አገሯ እንደተመለሰች ትርዒቱ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጽሑፏን አወጣች። ጽሑፉ ውጤታማ የሆነው በስድብ ባለመሞላቱ ይመስለኛል። ሰዓቶቹን፣ የተላለፈውን ቃል፣ ማን እንደደወለ፣ ሳህኑ መቼ እንደተነሣ አስቀምጣለች፤ የማታውቀውን ደግሞ እንደምታውቀው አድርጋ አላቀረበችም። የዓለም ጋዜጦች በቀናት ውስጥ ዘገቡት።

ሁለተኛው እርምጃ ከኩባንያዎቹ መጣ። ሴፕቴምበር 2017 ላይ ኤልቪኤምኤች እና ኬሪንግ የተባሉት ሁለቱ የፈረንሳይ ታላላቅ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያዎች የጋራ ደንብ አወጡ። ሞዴሏን ያሰናበተው ቤት ከሁለቱ በአንደኛው ሥር የሚተዳደር ነው። ደንቡ የወጣው በእሷ ጽሑፍ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የደረጃው ጉዳይም፣ አዲሱ ሕግም፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ወቀሳም ነበረበት። ይዘቱን ስናየው ግን ከጉዳዩ ጋር የሚገናኙ ብዙ ነጥቦች አሉት። እጅግ ጠባብ የሆነው የፈረንሳይ ልክ 32 ለሴቶች ምርጫ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ከሕጉ በጠበቀ ሁኔታ የሐኪሙ ወረቀት ከስድስት ወር ያላለፈው እንዲሆን ይጠይቃል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአዋቂ ልብስ እንዳያሳይ፣ ከ16 እስከ 18 ያሉት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ይደነግጋል። ምግብና መጠጥ እንዲቀርብ፣ ልብስ የሚቀየርበት የተከለለ ቦታ እንዲኖር፣ በሥራ ሰዓት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲገኝ፣ ሞዴሏም ቅሬታዋን የምታሰማበት መንገድ እንዲኖራት ያዛል።

ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የሠራው ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድነት መፈረማቸው ነው። አንድ ቤት ብቻውን ልክ 32 ቢያስቀር ሌላው ይቀጥልበታል፤ ኤጀንሲውም ልጆቹን ለሌላው ቤት ሲል ያከሳቸዋል። በርካታ ቤቶችን የያዙት ሁለቱ ኩባንያዎች አብረው ሲፈርሙ ግን ኤጀንሲው ልጅን በዚያ ልክ የማቆየት ጥቅሙ ይቀንስበታል። የምሽቱ ሥራ ክልከላም ለማጣራት ቀላል ስለሆነ ጠንካራ ደንብ ነው፤ ሰዓት አያከራክርም።

ያልሠራው ይበልጥ ያስተምራል። የዴንማርኳ ልጅ ልኳ 34 እና 36 በመሆኑ የ32 ክልከላ እሷን አይነካም ነበር። የሐኪም ወረቀትም ቢኖራት አያድናትም፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ጤነኛ መሆኗን ነው፤ እሷም ጤነኛ ነበረች፤ የተሰናበተችውም ጤነኛ ሰውነቷን ይዛ ነው። ሕጉም ደንቡም የሰውነትን ሁኔታ ይለካሉ፤ ስለ ሰውነት የሚወርደውን ትእዛዝ ግን በቀጥታ አይነኩም። «ለአንድ ቀን አትብላ» የሚል ቃል ቢኤምአይ ላይ አይታይም፤ በተደጋገመ ቁጥር የሚያመጣው ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው። የፈረንሳዩ ወረቀት እስከ ሁለት ዓመት ሊያገለግል መቻሉም ያው ችግር አለበት፤ የሰው ሰውነት በአንድ የትርዒት ወቅት ውስጥ እንኳ ይለወጣል።

በዕድሜ ጉዳይም ኩባንያዎቹ አንድ ሆነው አልቀጠሉም። ኬሪንግ በ2019 ባወጣው መግለጫ የአዋቂ ልብስ የሚያሳዩለት ሞዴሎች ከ18 ዓመት በላይ ብቻ እንዲሆኑ ሲወስን ኤልቪኤምኤች አልተከተለውም። ሞዴሏ ስለ 15 ዓመቷ ጀማሪ የተናገረችውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

የሰንሰለቱን ጉድለት በቀጥታ የነካው ሕግ የመጣው ከዓመታት በኋላ ከኒውዮርክ ነው። በ2024 መጨረሻ የተፈረመውና በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የፋሽን ሠራተኞች ሕግ ኤጀንሲው የሞዴሏን ጥቅም የማስቀደም ግዴታ እንዲኖርበት አድርጓል፤ ኮሚሽኑን በ20 በመቶ ወስኗል፤ ከሞዴል መያዣ ገንዘብ መቀበልን ከልክሏል፤ ምስሏ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀድቶ እንዲሠራበት ግልጽ የሆነ የጽሑፍ ፈቃዷን ጠይቋል። በእኔ እምነት ከቢኤምአይ ወሰኖች ሁሉ ይልቅ የቶኪዮውን ስልክ ሊለውጠው ይችል የነበረው ይህ ነው። መልእክቱን የተቀበለው ኤጀንሲ ሊጠይቅላት በሕግ የተገደደ ቢሆን ኖሮ፣ ትእዛዙ ወደ ልጅቱ ከመድረሱ በፊት የሚቆምበት አንድ በር ይኖር ነበር።

ለእኛ ልጆችና ቤተሰቦች የሚተርፈው

ከጉዳዩ ወደ እኛ አገር ሁኔታ ሊሻገር የሚችለው የመጀመሪያው ነገር የጽሑፍ ጉዳይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልክ የሚሰጥ ማንኛውም ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲላክ መጠየቅ ራሱ መከላከያ ነው። «እባክዎ ይህን በቴሌግራም ይላኩልኝ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ቃሉን ያለዝባል። ባይጽፍም እንኳ ልጅቱ በዚያው ዕለት ሰዓቱንና የተባለውን ለራሷ መመዝገብ አለባት፤ የዴንማርኳ ሞዴል ቃል የተሰማው ሰዓት ስለያዘ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜን ይመለከታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት የለበትም። ሰዓቱ ከፓሪሱ ደንብ ጋር አንድ ነው። ሞዴል ብዙ ጊዜ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ሳትቆጠር በየሥራው ስለምትከፈል አዋጁ በቀጥታ ላይሸፍናት ይችላል። ቢሆንም ወላጅ ይህንኑ ወሰን ወደ ውሉ አስገብቶ ማጻፍ ይችላል፤ እሑድ ማታ ልምምድ ቆይታ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ የ16 ዓመት ልጅ ያለችው ወላጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ሦስተኛው የምስል ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ከምግብ ትእዛዝ ይልቅ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ «ለአንድ ጊዜ ብለው ያነሡኝን ፎቶ ዓመት ሙሉ ሰቀሉት» የሚለው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ባለ ምስሉም ይህ ሲጣስ እንዲቆምለት መጠየቅና በፍርድ ቤት ካሣ ማግኘት እንደሚችል ሕጉ ያስቀምጣል። ስለዚህ ውሉ ላይ ፎቶው የት (በቢልቦርድ፣ በቴሌቪዥን፣ በማኅበራዊ ገጽ)፣ ለስንት ጊዜና በየትኛው አገር እንደሚታይ መጻፍ አለበት። «ለማስታወቂያ ይውላል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ውል ልጅቱ መብቷን በገዛ እጇ እንደሰጠች ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል።

አራተኛው የመመለሻው ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የማያስበውም ይህን ነው። ወደ ዱባይ፣ ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ አውሮፓ ለሥራ የምትጋበዝ ልጅ ሥራው ቢሰረዝ የመመለሻ ትኬቷን ማን እንደሚከፍል፣ የደረሰው ወጪ በዕዳ ይመዘገብባት እንደሆነ፣ እስከ ስረዛው ድረስ ላጠፋችው ቀን ምን ያህል እንደሚከፈላት ከመሄዷ በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት። ፓስፖርቷ በማንም እጅ ሊቆይ አይገባም። ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ነገር በቃሉ ሊነግራት ይገባል፦ ነገሩ ካልተስማማት በማንኛውም ሰዓት ደውላ መመለስ እንደምትችል፣ ቤት ስትገባም «ለምን መጣሽ?» የሚላት እንደማይኖር። ይህን አስቀድማ የሰማች ልጅ «ውኃ ብቻ ጠጪ» ስትባል የምትመልሰው መልስ ካልሰማችው የተለየ ይሆናል።